ምክንያት ይግለጹ

ከሌሊቱ ዘጠኝ። ያኩትስክ ከተማ
የራሷን ትንፋሽ ለብሳ ተኝታለች በጨለማ።
ውጪው ከዜሮ በታች አርባ ስምንት ገብቷል፣
ሻዬ ከነስኳሩ ጠረጴዛ ላይ በርዷል።
ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስክሪኔ ላይ ፈስሷል፤
የሚሄደው አረንጓዴ፣ የቆመው ቀይ ለብሷል።

አባቴም ሾፌር ነበር። በእርሱ ጊዜ "ወጣ" ተብሎ
ዐሥር ቀን ወሬ የለም፤ መንገድ ይዞት አድሮ ውሎ።
እናቴ ከመስኮቱ ፈቀቅ አትልም ነበር፣
መስተዋቱን በጥፍሯ እየፋቀች፣ በረዶውን ስትሰብር።

ዛሬ ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ ያያል፤
ፍጥነቱን ይለካል፣ ፍሬኑን ይቆጥራል፣
የት እንደ ደረሰ በሜትር ይናገራል።
ለምን እንደ ቆመ፣ እርሱ ለእኔ ቀርቷል።

ኃላፊያችን ገርማን ልቮቪች የክራስኖዳር ሰው ናቸው፣
ወይን ከሚያፈራበት፣ ብርዱ ከሚራራላቸው።
"ሞተሩን አስነሥቶ የሚቆም መኪና
ነዳጅ የሚጠጣ ሰካራም ነው" አሉና
ደንብ አወጡ፦ አምስት ደቂቃ ካለፈ ነጥቡ ይቀላል፤
በቀላ ቁጥር ደግሞ የሾፌሩ ደሞዝ ይሳሳል።
እዚህ ግን፣ በእኛ አገር፣ ሕፃንም ያውቀዋል፦
ሞተሩን ያጠፋ ራሱን ያጠፋል።

ካርታውም የዋህ ነው፤ በረዶን አያውቅም፣
ወንዝ ሁልጊዜ ወንዝ ነው፣ ውሃ ድንጋይ አይሆንም።
ታኅሣሥ ሲገባ ግን አልዳን ወንዝ አስፋልታችን ነው፤
ሃያ ቶን ዱቄት ጭነን ጀርባውን የምንረግጠው።
ስንቴ አየሁ፣ ስንቴ፣ ከሰማያዊው መሃል
አረንጓዴ ነጥብ እንደ ዓሣ ሲንሸራሸር፤ "ተሽከርካሪው ሰጥሟል!"
እያለ ሲጮኽብኝ።
እኔ እቴ፣ ሻይ እደግማለሁ።

ዛሬ ግን ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ፣ የጁሉስታን፣
ወንዙ መሃል ቆመ።
አምስት ደቂቃ።
ዐሥር።
ቀላ።
ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ሰዓት ሞላ።
እዚያ ቦታ ከበረዶው በታች ስንት ክንድ ውሃ እንዳለ አውቃለሁ፤
እጆቼን ጉልበቶቼ መሃል ቀብሬ አያለሁ።
አንዲት ነገር ብቻ ትንቀሳቀሳለች፣ የነዳጁ መስመር፤
ወረደች፣ ደግሞ ወረደች፣ በሊትር ስትቆጠር።
እርሷ በወረደች ቁጥር ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ፦
ነዳጁ ከተቃጠለ፣ ሰውየው ተነፈሰ።
በዕድሜዬ ለኪሳራ እንዲህ ጸልዬ አላውቅም።

አራት ሰዓት ከዐሥር። ድንገት አረንጓዴ።
"ጁሉስታን!" አልኩ ብቻዬን፣ "ወንድሜ፣ ዘመዴ!"

ከማዶ ሲደውል ጥርሱ ገና ይንገጫገጫል፦
"አንድ ሽማግሌ ነው፤ ኡአዙ ቀጥ ብሎበት ቆሟል፤
ጋቢና አስገባሁት፣ ቦቱን አውልቄ
እግሩን በብብቴ አሞቅሁት።"
"ማን ይባላል?"
"እኔ ምን አውቄ!
አፉ አልፈታም ነበር። ሞተሩን በእሳት አሙቀን፣ አሙቀን፣
ሊነጋጋ ሲል አጓራ።
ዓሣ ሰጥቶኛል። ክንድ ታክላለች፣ ላንቺም ትደርሳለች።"

ቅጹ ይጠብቀኛል። ምክንያት ይግለጹ፦
እረፍት። ብልሽት። ጎማ። የፖሊስ ፍተሻ።
ሌላ።
ከላይ እስከ ታች ወረድኩ፣ ደግሞ ወጣሁ፣
"ሌላ" የሚለውን ነካሁ።
ሃያ ፊደል የምትበቃ ሳጥን ተከፈተች፣
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች ጠበቀች።
ጻፍኩ፦ ሌላ ሰው ነበረ።

በወሩ መጨረሻ ከጁሉስታን ደሞዝ፣ እንደ ደንቡ፣ ተቆረጠ።
ዓሣዋን ጋራዡ ደጃፍ፣ በረዶ እንደ ሆነች፣ በቢላ እየላግን
በጨው በላናት።
ገርማን ልቮቪችም አንድ ሁለት ቁራጭ ቀመሱ፣ ጣታቸውን ላሱ፤
"ከየት የተገኘች ናት?" አሉ።
ጁሉስታን ቢላውን ጠረገ፦
"ከቀዩ ነጥብ።"