እስከ ድልድዩ ድረስ

ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጀርባ፣
አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባ።
በፊት ቪዲዮ ቤት ነበረች፣ ማታ ማታ በሃምሳ ሳንቲም
አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ አፍ የከፈትንባት ሁላችንም፤
አሁን ግድግዳዋ ሁሉ ሲዲ ነው።

ባለቤቱ አንሙት፣ መደርደሪያውን በጨርቅ ሲጠርግ፣
«ዴክ?» አለኝ፣ «ዴክ ነው ያልከው? በዚህ ዘመን ምን ሊያደርግ?»
ተንበርክኮ ከወንበር ሥር አንድ ካርቶን እየጎተተ፦
«ሦስት ነበሩኝ፤ አንዱን ለመለዋወጫ ፈታሁት፤
አንዱን የዘጌ ቡና ነጋዴ ገዛኝ፣ እስከ ጀልባው ሸኘሁት፤
ይኸ የመጨረሻው ነው። ጭንቅላቱ ንጹሕ፣ ልቡ ትንሽ ደከም ያለ፤
እንደኔ» ብሎ ሳቀና፣ ያልጠየቅሁትን ቀጠለ።

ሦስት መቶ ብሎ ጀመረ። እኔ ከመቶ ጀመርሁ።
መቶ ሰማንያ ላይ ስንደርስ፣ የኪሴን ልክ ተናገርሁ፦
መቶ ስልሳ ሁለት ብር፤ ሁለቷም የባጃጅ ናት።
«ስልሳው ይበቃኛል» አለ፤ «ሁለቷን ለመንገድ አውላት።
ዋስትና? እንዴታ! ያለ ዋስትና አልሸጥልህ፤
እስከ ድልድዩ ድረስ። ከዚያ ወዲያ ግን አላውቅልህ።»

ባጃጁ ድልድዩ መሃል ሲደርስ፣ ካርቶኑን አጥብቄ አቀፍሁ፤
ከሥሬ ዓባይ ይወርዳል፤ ዋስትናዬ ሲወርድ አየሁ።

ለምን ገዛሁት? ቁም ሳጥን ላይ፣ በፌስታል የተጠቀለለች፣
የእኅቴ የሙሉጎጃም ሠርግ፣ አንዲት ካሴት ስላለች።
ትዳሩ ከፈረሰ ቆየ፤ ሙሽራው መተማ ሌላ ጎጆ ወጥቷል፤
ካሴቷም ላይ የሐይቁ እርጥበት፣ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል።
ግን ውስጧ አባቴ አለ።

የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ካሜራ የሚሸሽ ሰው ነበረ፤
አንድ ጉርድ ፎቶ ነበረችው፤ እሷም ሐይቅ ወድቃ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ።
ያን ቀን ግን የቢራ ሳጥን ተሸክሞ ሲያልፍ ተያዘ፤
ፊቱን የሚሸፍንበት እጅ አጣ፤ ቆሞ ፈዘዘ።
ዘጠኝ ሰከንድ።

ሻጋታውን በጥጥ ጠረግሁ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤
እንግዳ የሚገባ ይመስል፣ በሩንም ዞር ብላ አየች።
ዴኩ አጉረመረመ፣ ዋጠ። ቴሌቪዥኑን ጉንዳን ወረረው፤
ቀስ እያለ ድንኳን ሆነ፤ የሰዉ ፊት ሁሉ ቀላው።
እኔ ሰከንድ እቆጥራለሁ። እናቴ ብድግ ብላ ቆመች፤
«ያ ድስት!» አለች፣ በጣቷ መስተዋቱን እየነካች፤
«ትልቁ ድስት! የኛ ነው! ደጊቱ እጅ ላይ ያለው!
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ‹አልወሰድሁም› ብላ ነው!»

ከድስቱ ኋላ፣ በግራ በኩል፣ አባቴ ብቅ አለ።
ሳጥኑ ትከሻው ላይ ነው። ወደ እኛ ዞር አለ፤
ከንፈሩ ሊላቀቅ ሲል

መብራት ሄደ።

ሰፈሩ በሙሉ «ኡፍ» አለ። ሻማ ፈለግን፣ አላገኘንም።
ካሴቷን ላወጣ ብታገል፣ ዴኩ ያለ መብራት አይተፋ፤
ጥፍሬን ሰድጄ ጎተትሁ፤ ክሩ እንዳይበጠስ ብዬ ተውሁት።
እናቴ ስለ ድስቱ ስታወራ ቆየች፣
ስፋቱን፣ ጆሮው የተበየደበትን ቦታ።
ኋላ ዝም አለች። ኋላ ደግሞ፦

«ምን ሊል ነበር?»
«ማን?» አልኋት፣ እያወቅሁ።
«እሱ ነዋ።»
«‹አሳልፉኝ› ሊል ነዋ፤ ሳጥኑ ከብዶት።»
«አይደለም» አለች። «እሱ ሲከብደው አይናገርም።»

በመስኮት አየሁ። ከዓባይ ወዲያ፣
የአንሙት ዋስትና በሚሠራበት በኩል፣
መብራቱ አልጠፋም።

እናቴ በዳበሳ ሄዳ
ጫማዋን በሩ አጠገብ አስቀመጠች፤
ገና ሳይነጋ
ደጊቱ ቤት ልትሄድ ነው።