ሁለት ከየት ነው?

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ የአጅማን ወበቅ ገና ሳይበርድ፣
ሣጥኑ ጮኸ ካልጋዬ ሥር፣
መርዶ እንደያዘ ጎረቤት፣ ደጅ ቆሞ እንደሚንገዳገድ።
ስድስት አልጋ፣ ስድስት ሴት፣ አንድ የሚያንኮራፋ ኤሲ።
«ምን ጫጩት አሳደርሽ?» አለች ሙሂባ ከላይኛው አልጋ፣
«ዝም አሰኚው በፈጠረሽ፣ ፈረቃዬ ነው ሲነጋ።»

አራት ዲስክ አለው ሣጥኑ። ሦስቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ።
ጆሮዬን ባስጠጋ፣ ቀጭ... ቀጭ... ይላል በውስጡ፣
ቁልፍ የጠፋበት ሰካራም የራሱን በር እንደሚነካካ።

ምን አለበት? ይሉኛል። ምንስ የሌለበት!
ማዳም መሳቢያ ሳይገባ ፎቶ የተነሣ ፓስፖርት፣
በማናውቀው ፊደል የፈረምነው ውል፣
«እማ፣ ጥርሴ ወለቀ» የሚል የልጅ ድምፅ፣
የሙሂባ ወንድም ኒካህ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ግማሹ ጣሪያ ብቻ፣
የአስካለ የኩላሊት ራጅ።
እና የትርንጎ ሳቅ።
ትርንጎ፣ በሌሊት ጠርተው በነጠላ ጫማ ወደ አየር ማረፊያ የወሰዷት፣
ስልኳ እኛ ዘንድ የቀረ፤
የቤተሰቦቿ ቁጥር ዛሬም «አይገኝም» የሚለን።
ሎሚ ስትጨምቅ ዓይኗ ገብቶባት የሳቀችው፣
አሥራ አንድ ሰከንድ።

ሻርጃ ሮላ፣ ሻጂ ሱቅ፣ አራት መቶ ስልሳ ድርሃም፤
በዕቁቤ ጫማ ልገዛ ነበር፤ ይሁን፣ በባዶ እግሬ አልሄድም።
ሻጂ የኬረላ ሰው ነው፤ ጣቱን ቀሰረብኝ፦
«የታመመውን ለይተሽ እወቂ።
ጤነኛውን ከነቀልሽ፣ ኻላስ።»

ቁጥር ሁለት ነው ይላል ጽሑፉ። ሁለት ከየት?
እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከግራ ነው፤
ይህ አገር ከቀኝ ይነሣል፤
ማሽኑ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል፣
ከአንድ በፊት ሌላ አንድ አለው።
አጠፋሁት። አስካለ በስልኳ አበራችልኝ፤
አንድ በአንድ እየሳብኩ የጀርባቸውን ቁጥር አነበብኩ፣
ሙሂባ ከወረቀቱ ታመሳክር ጀመር፣ እንቅልፏን ትታ።
ከቀኝ ሁለተኛው ሆኖ ተገኘ።
አገሩና ማሽኑ ተስማምተው ኖሯል፤
ልሳሳት የነበርኩት እኔ ነኝ።

ብሎኑን በጥፍር መቁረጫ ፈታን። አራት ነበሩ፤ አንዱ ምንጣፍ በላው።
በሦስት ታሰረ። ይችላል።
አዲሱ ገባ። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል፣ አለ ማሽኑ፣
እንግዲህ ጠብቁ።

በዚያ ቀን ልብስ የተኮሰ የለም፣ ማሰሮ ያሞቀ የለም፤
ቆጣሪው እንዳይዘል ፈርተን።
እኔ የጥርስ ሐኪም ቤት ወለል እየወለወልኩ አሰብኩት፦
የሞተው ዲስክ ግልባጩ ማንም ጋ የለም።
ሦስቱ የሚያውቁት የየራሳቸውን ነው፣
ከዚያ ላይ ትንሽ፣ ትንሽ የጋራ ድምር።
አንዱ ሲሄድ እንደ ለቅሶ ቤት ይቀመጣሉ፤
ይኼ እንዲህ ነበር ይላል፣ ያ እንዲህ፤
በወሬያቸው መካከል የቀረችው ክፍተት
ልክ የሟቹን ቁመት ታህላለች።
ግን አራቱም ባንድ ቀን የተገዙ እኩያሞች ናቸው፤
ዛሬ ሌላው ቢደክም
ለቀስተኛውም ሟቹም ተከታትለው ነው።

ማታ ስመለስ ዘጠና አራት።
እራት ሳንበላ ተቀመጥን። ዘጠና አምስት።
አስካለ ተኛች፣ ነቃች፣ «የት ደረሰ?» አለች፣ ተኛች።

ሲያልቅ ምንም ድምፅ አላሰማም፤
አራተኛው መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ በቃ።
መጀመሪያ የከፈትነው የማንንም ፓስፖርት አይደለም።
አሥራ አንድ ሰከንድ። ሙሉ ነው።
ያው ሳቋ ነው? ወይስ የሦስት ምስክር ቃል?
አልጠየቅኩም ጮክ ብዬ። ሙሂባ «ድገሚው» አለች፤
ደገምኩት፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ያን ቁጥር ደወለች።
አይገኝም።

አሮጌው ዲስክ ከባድ ነው፣ ቀዝቃዛ።
በሚስማር አራት ቦታ ወጋሁት፣ ማንም እንዳያነበን።
ያልጋዬ አንድ እግር ከመጣሁ ጀምሮ አጭር ነበር፤
ከሥሩ አደረግኩት።
አልተናጋም ከዚያ ወዲህ።