ደረጃ ቆጣሪው

ካርታው አታለለኝ፤ ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ተኝተው፣
እንደ ባልና ሚስት አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው፣
የሁለት ደቂቃ የእግር ጉዞ መስለው።
ቾንግቺንግ ግን ቆማ እንጂ ተኝታ አትገኝም፤
ለወፍ ይሆን እንደሁ፣ ለእግር ካርታ አልተሳለላትም።
ከአንድ ሕንጻ ገባሁ በምድር ቤቱ በር፣
ሊፍቱ አሥራ አንድ ፎቅ ቁልቁል ሲወረወር፣
ተከፈተ፤ ወጣሁ፤
እንደገና ምድር።

ጉም ነበር። ከወንዙ ጡሩምባ ይሰማል፣ መርከብ አይታይም፤
ግድግዳ ሰንጥቆ የወጣው ዋርካ ሥሩ መሬት አይነካም፣
ድንጋይ ይጠባል እንጂ አፈር አይለምንም።

እዚያ ከዋርካው ሥር ሽማግሌው ራን ተቀምጦ አገኘሁት፣
የቀርከሃ በትር፣ ሁለት ጥቅል ገመድ፣ ይኸው ነው ያለው ሀብት፤
ሃምሳ ዓመት ሸክም ጫንቃው ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት ትቶለት።
ቦርሳዬን አየና በዓይኑ መዝኖ ሳቀብኝ፦
«ለዚህማ ዋጋ ብቀበል ሌባ ነኝ፤
ቁልቁል እየወረድኩ ነው፣ ካሰኘህ ተከተለኝ።»

በበትሩ አንድ ጫፍ የወይዘሮ ፑ የስፌት መኪና፣
በሌላው የኮምጣጣ ጎመን ገንቦዋ፣ አፉ በላስቲክ ታስሮና
ታሽጎ፤ ጨው ውኃው ሠላሳ ዓመት አልተደፋምና
«እንዳታነቃንቀው!» ትላለች ከኋላ፣ «ከኔ ይልቅ እሱን አድርስልኝ በደህና።»

በቤቷ ግድግዳ፣ በቀይ ክብ ውስጥ፣ አንድ ፊደል ተጽፏል፤
አንድ ፊደል ብቻ። ትርጉሙ «ይፈርሳል»።
እሷ የበሯን ቁጥር በመዶሻ ነቅላ፣
ሠላሳ ሰባትን በመሐረብ ጠቅልላ፣
ልትኖር ነው ካሁን ሃያ ስድስት ፎቅ ከመሬት ተነጥላ።

ወረድን።
ፀጉር አስተካካዩ መስተዋቱን በድንጋዩ ሚስማር ሰቅሎ
ይላጫል፤ ደንበኛው አንገቱን ሰጥቶታል፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁሉን ለሱ ጥሎ።
ከአለቱ ውስጥ ዋሻ፤ በጦርነት ዘመን ሰው ከአውሮፕላን የሸሸበት፣
ዛሬ ኑድል ይሸጣል፤ በርበሬው ያስነጥሳል፣ ቅዝቃዜው ከሆዱ ይወጣል፣
ባለሱቋ የተራራውን ትንፋሽ ተደግፋ ታንቀላፋለች በነፃ፣ ያለ መብራት።

«ኢ፣ አር፣ ሳን…»
ራን ይቆጥራል። ከንፈሩ እንጂ ድምፁ የለም።
ቀጥሎ አዲሱ ክፍል፤ አሮጌ እንዲመስል ተብሎ የተጠረበ፣
ቀይ ፋኖስ ያንጠለጠለ፣ ገና እግር ያልጠገበ፤
አንዲት ልጅ የኪራይ ሐር ለብሳ ፎቶ ትነሣለች፣
ጓደኛዋ በደረቱ እየተሳበ።

መጨረሻው ላይ ቆመ፤ በትሩን አወረደ። «ሁለት መቶ ዘጠኝ።
ድሮ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነበር፤ አምስት ጎደሉብኝ።
ከሲሚንቶው ሥር ናቸው። ዓይኔ ረስቷቸዋል፣
ጉልበቴ ግን ያውቃል፤
እዚያ ጋ ስደርስ እግሬ ቁልቁል ሊዘረጋ ይላል፣
ወለሉ ቀድሞ ይመታዋል።»

ልነግረው ፈለግሁ፦ በእኔ ቋንቋ እኮ ደረጃ ማለት
መርገጫም ነው፣ ማዕረግም፤ ሰው የሚረግጠው፣ ሰው የሚከበርበት፤
ደረጃ የወሰደ ሁለቱንም ነው የወሰደበት።
ግን በሁለት ዓመት ቻይንኛዬ ከአፌ የወጣው
«ደረጃ… ደረጃ ነው» ብቻ ሆነ፤
እሱም ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ ትልቅ ነገር አመነ።
ከፑ የተቀበለውን ብር ሳይቆጥር ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ማምሻውን ብቻዬን ሽቅብ ተመለስኩ፣ እየቆጠርኩ በጣቴ፤
ዋርካው ሥር ስደርስ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፤ አላበው ግንባሬ፣ ደረቴ።
ሁለቱን ከየት አመጣኋቸው? ተሳስቼ ይሆናል።
ብቻ እዚያ አዲሱ ወለል መሐል፣ ምንም በሌለበት፣
እግሬ ሊወጣ ተነሥቶ ነበር፤
አየር ረገጥኩበት።