ቋጠሮ የሌለው ክር

በየአምስት ደቂቃው የሚነቃ አንድ ክር
ጻፍኩ ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር።
ይነቃል፤
የስድስት ማቀዝቀዣ ሙቀት ይጠይቃል፤
ከልኩ ያለፈ ካለ ስልኬ ላይ መልእክት ይልካል፤
ከሌለም ዝም ብሎ
ተመልሶ ያሸልባል።

ምስጋናው ለፊቱ ነው፤ ለጓሮው ሠራተኛ
ደህና አደርክ የሚል የለም፣ እንደ ሌሊት ዘበኛ።
ስምንት ወር ነቃ፣ ተኛ፤ ነቃ፣ ተኛ፤
እኔም ረሳሁት።

ሐምሌ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ሌሊት። ዝናቡ ታቦርን ሲደበድብ፣
መብራቱ ሄድ መለስ ሲል፣
አራተኛው ፍሪጅ ስንት ነህ ቢሉት
ባዶ መለሰ። ዜሮ አይደለም፣ ባዶ።
ክሬ ቁጥር እንጂ ባዶን አያውቅም፣ አላስተማርኩትም፤
ተደናቅፎ ወደቀ፤ ሲወድቅም አልጮኸም።
ሰርቨሩ ግን በባትሪው፣ አረንጓዴውን እንዳበራ፣
ደረሰኝ እያተመ፣ ሂሳብ እየሠራ፣
እንግዳ እየተቀበለ፤
ከጓዳው ሬሳ እንዳለ
ማን ይንገረው?

እኔ አቶቴ፣ በኪራይ ክፍሌ፣
ስልኬን ትራስ ሥር ከትቼ
ዝምታውን ሰላም ነው ብዬ ተኛሁ።
እሁድም እንዲሁ አለፈ።

ሰኞ ማለዳ አሞራ ገደል ስደርስ
አባ ኮዳዎቹ ቀድመውኛል። ዘጠኝ ናቸው፤
አንገታቸውን ቀብረው ከማከማቻው በር ላይ
እንደ ኦዲተር ተደርድረዋል።
የሦስት ጀልባ ቆሮሶ፣ አምባዛም ሳይቀር፤
ሽታው አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ነበር።

«ክሩ ሞቶ ነው» አልኳቸው። በሙያችን እንዲያ ይባላል።
ሰው እርስ በርሱ ተያየ።
መረብ የሚጠግኑት ጋሽ ላንቃሞ ብቻ
መርፌያቸውን ከከንፈራቸው አውጥተው፣
እውነተኛ ክር መስሏቸው ጣቶቼን አዩና
«ጫፉን ቋጥረሽው ነበር?» አሉኝ።

አልቋጠርኩትም።

አሁን ቋጥሬዋለሁ። ባዶ ቢመጣበት
ይወድቃል፣ መውደቁን ይጽፋል፣ ይነሳል፤
ደህና ሲያድርም በየማለዳው «አለሁ» ይለኛል።
አንዳንዴ «እኔም አለሁ» እለዋለሁ፣
ሰው ሳይሰማ።

የዓሣው ዕዳ ከደመወዜ ይቆረጣል፤
በየወሩ ስድስት መቶ ብር፣ ሰላሳኛው ቀን፣
ልክ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።
የሚቆርጠውም ክር ነው፣ እኔው የጻፍኩት።
እሱም ቋጠሮ የለው፤
ግን አንድ ቀን እንኳ
ወድቆ አያውቅም።