የሄታ ምልክት

በፊንላንድ፣ በሳቮ፣ በመዛግብት ቤት፣
የአያቴን እናት ፍለጋ ባንድ ጥዋት፣
ቄሱ የጻፉትን የምእመን መዝገብ
ካቧራው ገለጥኩት፣ በጣቶቼ ላነብ፦

«ሄታ፣ የቤት ገረድ፤ ፈንጣጣ ለቋታል፤
ንባቧ ደካማ፤ ፊደል ይጠፋታል።»
ከጎኑ ምልክት፣ አንድ ሰረዝ ብቻ፤
የነፍስ መለኪያ፣ የዕውቀቷ ዳርቻ።

ረሃቡ ሲመጣ ገጹ ተጣበቀ፤
የቄሱ እጅ ዝሎ ፊደሉ ደቀቀ።
«ሄዳለች» ይላል፤ ወዴት ግን አይልም፤
ዘጠኝ አጥቢያ አሰስኩ፣ «መጣች» ያለ የለም።

ሊዘጉ ሩብ ሲቀረው፣
ከአንድ የላም ሽያጭ ውል
ግርጌ፣ በፊርማ ፈንታ፣
ባለ ሁለት ጥርስ መንሽ የሚመስል፣
አንደኛው ጥርሱ የተሰበረ።
«ገዢ፣ ሄታ፤ በገዛ እጇ» ብሎ ጸሐፊው አሰፈረ።

ይህን ጭረት አውቀዋለሁ።
ከእናቴ የእንጨት መናጫ ቂጡ ላይ ነበር፤
አይጥ የበላው፣ ቢላ የሳተው
እያልን ስናጥበው ስንኖር።

መብራቱን አጠፉብኝ። ካርቶኑን መለስኩ።
እሷማ ጽፋ ነበር፤
ደካማዋ አንባቢ እኔ ነበርኩ።