ይቆይ

በጥቁር ባሕር ዳር፣ በዞንጉልዳክ ከተማ፣
ከከሰሉ ጉድጓድ፣ ከማይነጋ ጨለማ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ፓምፕ ሲጠብቅ ኖረ፤
የገባውን ውኃ ሲያስወጣ አደረ።

ዱርሱን ነው ስሙ፤ «ይቆይ» እንደ ማለት፤
እናቱ ሦስት ቀብራ ለአራተኛው ያወጣችለት።
ቆየ።
ጣሪያው የተናደ ዕለት፣ ጋዙ የፈነዳ ሌሊት ቆየ፤
ጓደኞቹን ሸኝቶ ጡረታውን አየ።
ከዚያ ሳል። ከዚያ ደም የነካው መሐረብ።

እኔ ምድር ቤት ነው የምሠራው።
ከፀጉር የሳሳ ሥጋ ቆርጬ በመስታወት ላይ አነጥፋለሁ፤
ሰዎቹን ሳላውቅ ሳንባቸውን አውቃለሁ።

የመጀመሪያው መድኃኒት ገባ፤ ዕጢው ቀለጠ።
ሚስቱ ሻዚዬ ባቅላባ ይዛ ከፎቅ ፎቅ ወጣች፤
ነርሱም ዘበኛውም በላላት።
በሰባተኛው ወር ያው ጥላ ከዚያው ቦታ በቀለ።
እሳት አመድ ይወልዳል ሲባል ሰምተን ነበር፤
ይኸኛው አመድ ግን እሳት ወለደ።

ዶክተር ፌርዳ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ፣
«ከሺህ አንድ ናቸው» አለችኝ፤ «ግንድ ሕዋሶቹ።
እኛ ቅጠል ስናረግፍ ነው የከረምነው።
መድኃኒቱ ያድናል፤ ግን የሚሮጠውን ነው፤
የተኛውን አውሬ አልፎት ይሄዳል።
ቢደርስበትም፣ ሕዋሱ በቆዳው ላይ ፓምፕ አለው፤
የጠጣውን መርዝ መልሶ ይተፋዋል።
ሲነቃ ደግሞ ይወልዳል፤
ልጆቹም ያባታቸውን ሙያ ይዘው ይወለዳሉ።»

ዱርሱን ይህን ሰማ። ካላየሁ አለ።
የኦክስጅን ጠርሙሱን እየጎተተ ደረጃውን ወረደ፤
መውረድ እንደሆን ያውቅበታል።
ዓይኑን ወደ ማይክሮስኮፑ አስጠጋ፤
በሐምራዊ ሰፈር መካከል
ቡናማ ቀለም የጠጣች አንዲት ክብ።
ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤
«ይኼማ የሙያ ባልደረባዬ ነው» አለ።
«ውኃው የመጣ ጊዜ የሮጡት አለቁ፤
እኔ ፓምፔን አቅፌ ከታች ቀረሁ።»

ትንፋሹን ሰበሰበ።
«ፓምፕ በመዶሻ አይቆምም፤ መስመሩን ነው መቁረጥ።
ግን ተጠንቀቁ፤ በዚያው መስመር
ለሰዉ አየር የሚነፋውም ይሠራል።»
ፌርዳ መልስ አልነበራትም።
እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ዘጋች።

«ስም አለው?»
«ቁጥር ነው ያለው።»
«እንግዲያው የኔን ስጡት፤ እኔስ ጨርሼበታለሁ።»

ከቀበርነው ሁለት ክረምት ሆነው።
ብልቃጡ ላይ በፌርዳ እጅ ጽሑፍ «ዱርሱን» ይላል፤
በየሦስት ቀኑ አበላዋለሁ፤
ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነቃል።
የእናቱ ስእለት ሰመረ፣ አድራሻውን ስቶ።

ዛሬ ማታ አዲሱን መድኃኒት ጠብ አደረግሁበት፤
መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።
ጠዋት እናያለን።