ኳሷ ጣና የገባች ዕለት

ኳስ አይሆንልኝም፤ ሒሳብ ነው የማስተምረው፣
የትምህርት ቤቶቹን ነጥብ ግን በየዓመቱ እኔ ነኝ የምደምረው።
ማሸነፍ ሦስት ነው፣ አቻ መውጣት አንድ፣
መሸነፍ ባዶ ነው፣ ላብህ ጎርፍ ቢሆን፣ አንጀትህ ቢነድ።
እስከዚህ ቀላል ነው፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ ይችለዋል፣
ጣጣው ሁለት ቡድን አንድ ወንበር ሲመኝ ይመጣል።

ያን ጊዜ ደንቡ ይወጣል ከመሳቢያ፣ ከአቧራ ሥር፦
መጀመሪያ የግብ ልዩነት፣ ካገቡት ላይ የገባባቸው ተቀንሶ የሚቀር፤
ያ እኩል ከሆነ፣ ብዙ ያገባ ይቅደም ይላል፤
ያም እኩል ከሆነ፣ ፊት ለፊት ሲገናኙ ማን ረታ? ብሎ ይጠይቃል፤
ያም ካልለየ ካርድ ይቆጠር፣ ማን ጨዋ ነበር ተብሎ፤
ያም ካልለየ ዕጣ ነው፣ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ባርኔጣ ውስጥ ተጥሎ።

አሥራ ሁለት ዓመት ደመርኩ፤ ከሁለተኛው መስመር ወርጄ አላውቅም ነበር፣
ከዘንድሮው በቀር።

ሽምብጥ ሰባት ነጥብ። ዘጌ ሰባት ነጥብ።
ሁለቱም አምስት አግብተው፣ ሁለት ተቆጥሮባቸው፣ ሦስት ንጹሕ ግብ።
እርስ በርሳቸውም አንድ ለአንድ።
እንደ መንታ ልጆች፣ እናታቸው እንኳ በጠባሳ የምትለያቸው፤
ጠባሳ ፈልግ አለኝ ደንቡ፤ መዝገቡን ገለጥኩላቸው።

ቀልድ አልነበረም። አንደኛ የወጣ በሜዳው ይገጥማል፣ ጺም ያላቀመቀመውን የአዴት ቡድን፤
ሁለተኛ የወጣ መራዊ ድረስ ሄዶ፣ የልደት ቀናቸውን ደፍሮ ማንም ያልጠየቃቸውን።

ገጽ ዘጠኝ። ሽምብጥ፦ ካርድ ባዶ።
ዘጌ፦ አንድ ቢጫ፤ ስልሳ አንደኛው ደቂቃ፤ አንሙት ሞላ።
የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ያችን ቀን አስታውሳታለሁ። በጀልባ ነበር የመጡት፣
የአንድ ሰዓት መንገድ፣ ማልያውን እዚያው ሞገድ ላይ እየለበሱት።
ነፋስ ነበር። ሜዳው ከሐይቁ ዳር ነው፣ ከደንገሉ አጠገብ፣
አጥር የለው፣ መረብ የለው፤ ኳሷም አንዲት፣ እሷም በልመና የተገኘች ለዚያ ግብግብ።
ዘጌ ይመራ ነበር። የሽምብጡ ተከላካይ በኃይል ቢጠልዛት፣
ከደንገሉ በላይ አለፈች፤ ጣና ተቀበላት።
ሁላችንም ቆመን አየን። ዳኛው ቆመ፣ አሠልጣኞቹ ቆሙ፣ እኔም፣
እንደ ዳክዬ ጫጩት እያነሳ እየጣለ ሲወስዳት ማዕበሉ ወደ መሐል፣ ወደ ጥልቁ ሰማያዊ ቀለም።
አንሙት ብቻ ጫማውን አወለቀ። ማንንም አልጠየቀ።
ገባ። ራሱ ጠፋ፣ ታየ፣ ጠፋ፣ ራቀ።
በብብቱ ሸጉጧት ተመለሰ፣ ውኃ እያረገፈ፣
መምህር ታዘባቸው ፊሽካ ነፋ፤ «ያለ ፈቃድ ከሜዳ ወጥቷል» ብሎ ቢጫ መዝዞ ጻፈ።

ደንብ ነው። አልተሳሳተም። እኔም ቀዳሁት ወደ መዝገቤ፣
አንድ መስመር፣ አንድ ቁጥር፤ ምንም ሳይሰማው ልቤ።
ጨዋታው ቀጠለ። በዚያችው ኳስ፣ ገና ውኃዋ ሳይደርቅ፣
በባከነ ሰዓት ሽምብጥ አቻ ሆነ፤ ግቡ የሚያምር፣ የሚደነቅ።

እናም ጠመኔ አነሣሁ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ፣ ከርእሰ መምህሩ በር ጎን፦
ሽምብጥ አንደኛ፣ ዘጌ ሁለተኛ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ግን
ሁለቴ ደመርኩት።

ሰኞ አንሙት መጣ። ሠንጠረዡን በጣቱ አነበበ፣ ዓምድ በዓምድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣
ደንቡን ላስረዳው ጀመርኩ፤ ገብቶታል፣ አቋረጠኝ።
«መምህር፣» አለ፣ «ለዋና የሚሆን ዓምድ የላችሁም?»
ሳቀ። ጀልባዋ ጥሩምባ ነፋች። ሮጠ። መልስ አልጠበቀም።

ቅዳሜ መራዊ ናቸው። ምን እንደሚሆን አላውቅም።
ከደመወዜ ቀንሼ ሁለተኛ ኳስ ገዝቻለሁ፤
የትኛው ዓምድ ላይ እንደምጽፈው እስካሁን አላወቅሁም።